ጋሼ የቆጠሩኝ ቅዳሜ

ሰው «ለምን ትቆጥሩኛላችሁ» ብሎ ይጣላል። እኔ «ለምን አትቆጥሩኝም» ብዬ ነው የተጣላሁት። ያውም በቤተ ክርስቲያን፣ በጠቅላላ ጉባኤ፣ ማይክ ይዤ። ዛሬም ያ ቀን ትዝ ሲለኝ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ፊቴ ይቃጠላል። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ «ኤጭ!» እላለሁ፤ የጎን ሹፌር ዞሮ ያየኛል።

ነገሩ የጀመረው ከሱቁ ነው። ካልጋሪ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም። የፈረንጆችን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን፣ እነሱ ጨርሰው ሲወጡ፣ እሁድ ከሰዓት ነበር የምንሰበሰበው። ለሕንፃ መግዣ ገንዘብ እንዲጠራቀም ሽማግሌዎቹ «የንግድ ክፍል» የሚባል ነገር አቋቋሙ። የንግድ ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአዳራሹ ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ያለች፣ በፊት የልጆች መጫወቻ ይከማችባት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የመዝሙር ሲዲ፣ አገር ቤት የሚደወልበት ካርድ እንሸጥባት ነበር። ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ቁልፉም እኔ ዘንድ፣ የገንዘብ ሳጥኑም እኔ ዘንድ። ለምን እኔን እንደመረጡ ታውቃላችሁ? አፌ ስለማያርፍ። «እሷ ካለች ማንም በዱቤ ወስዶ አይጠፋም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለሽሮ ብዬ ዲያቆን አሳድጄ አውቃለሁ።

ተቆጣጣሪም ተመረጠ። እሳቸውን ትንሹም ትልቁም «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ንግድ ድርጅት ኦዲተር ነበሩ። ያኔ ስኳሩም ዘይቱም ጨርቁም በመንግሥት እጅ ስለነበር፣ የመንግሥትን ሱቆችና መጋዘኖች እየዞሩ የሚቆጥሩ እሳቸው ነበሩ፤ ሲመጡ ባለሱቁ ሁሉ ይንቀጠቀጥላቸው ነበር ይባላል። እኛ የምናውቃቸው ጋሼ ግን የልጃቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ በሰመር እንኳ ካፖርታቸውን የማያወልቁ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። «እንዲህ ያለ ኦዲተር እያለን!» ብለን በጭብጨባ መረጥናቸው። «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው ነበር። ፓስተራችን «የጌታ ሥራ ነው እኮ ጋሼ» ሲሏቸው እሺ አሉ።

የጋሼ ቁጥጥር እንዲህ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሲቃረብ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቤዝመንት ይወርዳሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ሁሉ ሰላም?»

«ሰላም ነው፣ ጌታ ይመስገን። ይግቡና ይቁጠሩ እንጂ ጋሼ።»

«ጌታ ቆጥሮታል፣ ልጄ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ለሻጩም ለገዢውም፣ ለበርበሬው ሳይቀር ይጸልያሉ። «አሜን» ስል እኔ ያዘጋጀሁትን ሪፖርት በሩ ላይ እንደቆሙ ይፈርሙና ይወጣሉ። መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ በኋላ ግን ደስ አለኝ። መታመንን ማን ይጠላል? በሆቴል ሥራዬ ሱፐርቫይዘሯ ያነጠፍኩትን አልጋ ሁሉ አንሶላውን እየገለበጠች ታይ ነበር። እዚህ ግን የአገር ኦዲተር የነበሩ ሰው እኔን ሳያዩ ያምኑኛል። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምወጣው።

ዘመኑ የነዳጅ ገበያው ያበደበት ዘመን ነው። ካልጋሪ ሠራተኛ አጥታ በየምግብ ቤቱ መስኮት «ሄልፕ ዋንትድ» ተለጥፎ ነበር። ሥራው እንዲህ ተትረፍርፎ ሬንቱ ግን ሰው ያስለቅስ ነበር። ሁለት ሥራ እየሠራ መኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው አውቃለሁ። እኛም ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ከልጃችን ጋር ቤዝመንት ተከራይተን ነበር፤ አከራዩ ጨመረ፣ ዝም አልን፤ ደግሞ ጨመረ። ባሌ «በቃ፣ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ» አለ። ነዳጅ ወደሚወጣበት፣ ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ ማለቱ ነው። እዚያ ወጥ ቤት ገባ። ለሳምንታት ይሄዳል፣ ለጥቂት ቀን ይመጣል። የመጀመሪያውን ፔይቼክ ሲያሳየኝ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!» አልኩት።

«ምን ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው ትለኛለህ? ወንድሞችህ ካምፕ የሚባል ቃል በሰሙ ማግስት አንዱ ታክሲ ግዛልኝ፣ አንዱ ሠርጌን ደግስልኝ ነው የሚልህ።»

ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ አሥራቱ ነው። እኛ ዘንድ ምእመን ካገኘው ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ገቢያችን ሲያብጥ አሥራቱም አበጠብኝ። «ቤት እስክንገዛ ብቻ» አልኩ፤ «ጌታ ይገባዋል» አልኩ። ጌታ ይገባው ይሆናል፣ ሰው ግን መጠየቁ አይቀርም ብዬ ባሌ ኤርድሪ መጋዘን ገብቷል፣ ሺፍቱ አይመችም እያልኩ አስወራሁ። እግዚኦ! ኤርድሪ እኮ አፍንጫችን ሥር ናት። ሰዉ ሁሉ በየቀኑ እየነዳ ይመላለሳል። ከኤርድሪ ሰው እንዴት ወር ሙሉ ይጠፋል ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አለመጠየቃቸው ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ» ብዬ ተኛሁ።

ታራዴል የሚባል ሰፈር ቤት ገዛን። ጌታ አንድ ነገር ሲያደርግልህ ቆመህ መመስከር በእኛ ዘንድ ደንብ ነው፤ ዝም ካልክ ምስጋና ቢስ ነህ። እሁድ ማይኩን ያዝኩና «ጌታ እኔ በማላውቀው መንገድ ቤት ሰጠኝ» ብዬ መሰከርኩ። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። አንዳንዶቹ አለቀሱ። የማላውቀው መንገድ! መንገዱን እኮ እስከ ኤርፖርት ድረስ ራሴ እየነዳሁ ነበር ባሌን የምሸኘው።

ከዚያ ወዲያ ነገር የተለወጠ መሰለኝ። ሱቁ በር ላይ የቆሙ ሴቶች እኔ ስደርስ ወሬያቸውን ቆርጠው ፈገግ ይላሉ። «ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ ኤርድሪ ተመቸው?» ትለኛለች አንዷ፤ ሌላዋ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ብዙም ሳይቆይ ፓስተሩ ጠርተውኝ «ብቻሽን ደከምሽ፣ አንዲት እህት አብራሽ ትሥራ» አሉኝ። ለእሷም ቁልፍ ተቀረጸላት። ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ናት፤ ምንም አልበደለችኝም። እኔ ግን ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኗ እጄ ላይ ያረፈ ይመስለኝ ነበር።

ደመርኩት። አዲስ ቤት፣ «በማላውቀው መንገድ» የመጣ ገንዘብ፣ የሱቅ ቁልፍ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የምደርስበት መልስ አንድ ነው፦ ሌባ። እናቴ ስትሞት ስም እንጂ ሌላ ያወረሰችኝ ነገር የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የእኔ ስም ግን ገና በቁሜ በርበሬ መሸጫ ውስጥ ሊቀበር ነው። ስለ ካምፑ ብናገር እጠራለሁ፤ ግን ያኔ በማይክ መዋሸቴ ይወጣል፣ አሥራቱም አብሮ ይወጣል። ሳልናገር የምጠራበት አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ሱቁ ይቆጠር። ሳንቲም እንዳልጎደለ ይታይ።

ጋሼ ቤት ሄድኩ። እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ታራዴል ነበር የሚኖሩት። የልጅ ልጃቸውን ጫማ ክር ሲያስሩ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ይቁጠሩልኝ።»

«ምን ጎደለ?»

«ምንም። ምንም ስላልጎደለ ነው ይቁጠሩልኝ የምለው። ሰው ሌባ ብሎኛል።»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው የለም ልጄ» አሉና ክሩን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «እኔ መቁጠር ትቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይፈርማሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ሽማግሌን እንዲህ አይሉም፤ አውቃለሁ፤ ምላሴን በቆረጠው። ግን ተናድጄ ነበር፣ ስናደድ ደግሞ መኪናዬ ፍሬን የለውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል ጋሼ። አንቱ ባለመጠርጠርዎ የተመነጠርኩት እኔ ነኝ!» ብያቸው ወጣሁ። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሳልነካው ነው የሄድኩት።

የጉባኤው ቀን ሪፖርቴ ተነበበ። የጋሼ ፊርማ እንደ ወትሮው ከታች አለ፤ በሩ ላይ ቆመው የፈረሙት ነው። «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። ማንም የለም። ሰዉ ሰዓቱን ያያል፣ ልጆች ይንጫጫሉ።

«እኔ አለኝ!» ብዬ ማይኩን ከጸሐፊው እጅ ነጠቅኩት። «ይህን ሱቅ የቆጠረ ሰው የለም! አንድም ቀን የቆጠረ የለም! እኔ ከጀርባ ሌባ እየተባልኩ አልኖርም። ቁጠሩኝ! አሁኑኑ ውረዱና ቁጠሩኝ!»

ፊርማው የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። «ጋሼ ላይ የሚደርሰውን አላሰብኩትም» ብል ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። ከእኔ ስም ግን አልበለጠብኝም።

ጋሼ ከመሐል ተነሡ። የካፖርታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። ማይክ ቢያቀብሏቸው በእጃቸው መለሱት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «አልቆጠርኩም። አገር ቤት እያለሁ የመንግሥት ሱቅ የምታስተዳድር አንዲት ሴት ነበረች። ቆጠርኩና ዕቃ ጎድሏል ብዬ ጻፍኩ። ወሰዷት። ከታሰረች በኋላ ዕቃው እዚያው ተገኘ፤ እሷ ግን ሳትፈታ ታማ ሞተች። ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ያለ ንብረት ላልቆጥር ምዬአለሁ። እናንተ ስትመርጡኝ ይህን መናገር አፈርኩ። አፈርኩና በውሸት ፈረምኩ። ይቅር በሉኝ።»

ልጃቸው ከአጠገባቸው ነበረች። አፏን ይዛ ነበር የምታያቸው፤ እሷም የሰማችው ያን ቀን እንደሆነ ከፊቷ አወቅኩ።

ያኔ ያቺ ዝምተኛ ረዳቴ ብድግ አለች። «ቆይ ግን፣ ማን ነው ሌባ ያለሽ?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው።

«ታዲያ አንቺን ለምን አመጡብኝ? ቁልፍ ለምን አስቀረጹ?»

«እንዴ! ባሏ ካምፕ ነው፣ ልጅ ይዛ ብቻዋን ናት፣ እናግዛት ተብሎ ነዋ!»

«ካምፕ?» አልኩ። ማይኩ አሁንም አፌ ላይ ነበርና «ካምፕ» የሚለው ቃል በአዳራሹ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«የኔ ባል እኮ ከሱ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነው የሚሄደው» አለች ባለፈው ጣሪያ ጣሪያ ስታይ የነበረችው። «የኔም» አለች ሌላዋ ቀስ ብላ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል።

ለካ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነው! የወንዶቻችን ግማሽ እዚያው ካምፕ ባሌ የቀቀለውን ሲበሉ ከርመዋል። ባሌም ማወቃቸውን ያውቃል፤ እኔን ፈርቶ ነው ያልነገረኝ። ሴቶቹ ስመጣ ወሬ የሚያቆሙት ውሸቴን ፊቴ ላይ እንዳያፈርሱት ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ካምፑን ካወቁ ደሞዙን ያውቃሉ፤ ደሞዙን ካወቁ አሥራቱን ያውቃሉ። አውቀው ነው እልል ያሉልኝ። ሌባ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ራሴን በእነሱ አፍ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ማንም ያልጠረጠራትን ሴት ለማጥራት ሲባል አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው እንኳ የደበቁትን አውጥተው ሕዝብ ፊት አሰጡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፓስተሩ «እንግዲህ ነገሩ ታውቋል፣ ቆጠራው ይቅር» አሉ። «አይ» አሉ ጋሼ። «ጠይቃለች። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። በሩ ላይ አልቆሙም፤ ገቡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ያለ ካፖርት አይቻቸው አላውቅም ነበር። ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ነው የሚያህለው።

«ጋሼ፣ ይተዉት በሞቴ። እኔ ነኝ የበደልኩት።»

«ቁጠሩኝ ያልሽው አንቺ ነሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሲቆጥሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ዕቃውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳሉ፤ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ሲዲውን፣ ካርዱን፣ ሽሮውን ጨረሱ። በርበሬው አስነጠሳቸው፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። ጤፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀታቸውን አዩ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጤፍ ይጎድላል» አሉ።

እንዴት ይጎድላል? ያስገባሁትን አውቃለሁ፣ የሸጥኩትን አውቃለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ቃል እንቢ አለኝ። አፌ የማያርፈው እኔ! ያቺ የመንግሥት ሱቅ ኃላፊ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲህ ቆማ ነበር ለካ፤ እውነቷን ይዛ፣ እውነቷን የምታሳይበት አጥታ። ማንም የማያስረኝ አገር ቆሜ እንኳ እኔ እንዲህ ፈራሁ። እሷን እንዴት አድርጓት ይሆን?

ጋሼ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ሳይጽፉ አነሡት፣ ክዳኑን ገጥመው ኪሳቸው ከተቱት።

«ቆይ» አሉ። «ልድገመው።»

እንደገና ከበሩ ጀመሩ። ጤፉን ብቻ አይደለም፤ ሲዲውንም፣ ካርዱንም፣ ሁሉንም። መደርደሪያ ሥር ጎንበስ፣ ካርቶን ጀርባ ቀና እያሉ። ወገባቸውን እያመማቸው ነበር፤ ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ አልያዙትም። በመጨረሻ ወጥተው ደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ከፈቱ። የጤፉ ከረጢቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። በዚያ ሳምንት ውሃ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ እኔ ሺፍት ላይ ሆኜ፣ ያቺ ረዳቴ ዱቄቱ እንዳይበላሽ ብቻዋን ተሸክማ ወደዚያ አዛውራው ኖሯል። በጉባኤው ግርግር ልትነግረኝ ረስታለች፤ ወይም ፈርታኛለች።

ጋሼ አንድ በአንድ ነኳቸው።

«ሞላ» አሉ። «ትክክል ነሽ፣ ልጄ።»

«ጌታ ይመስገን» ልል ስል ከረጢቶቹ በአንዱ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑት። ጣቶቻቸው በርበሬና ዱቄት ነበሩ።

«ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር» አሉ ከመዳፋቸው ሥር። «ያኔ። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ መኪና ታች ይጠብቀኝ ነበር። ደግሜ አልቆጠርኩም።»

ምን ይባላል? «አይዞዎት» ይባላል? አልቻልኩም። ቁልፉን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ፤ እሳቸው የሚያለቅሱት እኔ ስሜን ላጥራ ብዬ ነው። በኋላ ተነሡ፣ ውሃ ስጪኝ አሉ፣ ጠጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ፈረሙ። ካፖርታቸውን ሳለብሳቸው ይህን ጊዜ እንቢ አላሉኝም።

ስሜ ጠራ። አሥራቱን ከነውዝፉ ሰጠሁ። ሰዉም ረሳው፤ ሰው ደግ ነው፤ እንደ ቀልድ «ኤርድሪዋ» እያሉ ይጠሩኛል፣ እኔም እስቃለሁ። ጋሼም አልተቀየሙኝም። እሁድ እሁድ በር ላይ ስንገናኝ እንደ ድሮው «ደህና ነሽ ልጄ? ሁሉ ሰላም?» ይሉኛል። እኔም ጫማቸውን እያየሁ «ሰላም ነው ጋሼ» እላለሁ።